አምስቱ ልዑካን እና የደብር ዕድገት

በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ስለ አንድ ደብር ዕድገት ሲነሣ አስቀድሞ የሚወራው ስለ ሕንፃው ነው። ጉልላቱ ከየት እንደሚታይ፣ ሕዝቡ ለማሠሪያው ምን ያህል እንዳዋጣ፣ በንግሥ ዕለት ቅጽሩ ምእመኑን ችሎ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው፤ ከጎተራው ቀንሶ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ የሰጠን ገበሬ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔ ግን በምኖርባት ትንሽ ከተማ በአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የምእመናን ተወካይ ሆኜ ሳገለግል አንድ ሌላ መለኪያ ከሁሉም በልጦብኛል። ከእኛ ደብር ተምረው የወጡ አገልጋዮች በዙሪያችን ካሉት የገጠር አጥቢያዎች በስንቱ ቅዳሴ እንዳይታጎል አድርገዋል? ይህን የምጽፈው በየደብሩ ኃላፊነት የተሰጣቸው ወንድሞችና እህቶች የዓመት ዕቅዳቸውን ከዚህ ጥያቄ እንዲጀምሩ ለመለመን ነው።

ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ሠራዒው (ዋናው) ካህን፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ካህን፣ ሠራዒው ዲያቆን፣ ንፍቁ ዲያቆንና አምስተኛው ልዑክ ተሟልተው ካልገቡ ምእመኑ ቅጽሩን ሞልቶ ቢቆምም ቅዳሴ የለም፤ የኪዳን ጸሎት ብቻ ደርሶ፣ ሕዝቡ ተሳልሞ ወደየቤቱ ይመለሳል። ይህን ጉድለት ገንዘብ አይሞላውም። ሌሊት ቤተ ልሔም ገብቶ የስንዴውን ዱቄት አቡክቶ ኅብስቱን የሚጋግር፣ ዘቢቡን አጥቦ የሚጨምቅ አገልጋይ ከሌለ የመቅደሱ መጋረጃ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ጠዋት የሚቀርብ መሥዋዕት አይኖርም። ስለ አገልግሎት መስፋፋት ብዙ ዕቅድ አንብቤአለሁ፤ ከአምስቱ ልዑካን የሚጀምር ዕቅድ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ከከተማችን ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ በእግር በሚያስኬድ አንድ አጥቢያ በበጋ እሑድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ደወሉ በሰዓቱ ተደውሏል፤ ሁለት ካህናት ደርሰዋል፤ ሁለት ዲያቆናትም አሉ። ሦስተኛው ዲያቆን ግን ለቀን ሥራ ባሕር ዳር እንደሄደ አልተመለሰም። ከደጀ ሰላሙ ሥር አንዲት እናት ሰማንያ ቀን የሞላትን ልጇን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ከክርስትና እናቲቱ ጋር ተቀምጣለች። ሸምገል ያሉት ቄስ ከውስጥ ወጥተው ጥቂት ቆሙና “ልጄ፣ ዛሬ አልተሟላንም። ሕፃኗ ተጠምቃ መቁረብ አለባትና ለሚመጣው እሑድ ተመለሺ” አሏት። እርሷም “እሺ አባቴ” ብላ መስቀላቸውን ተሳልማ ተነሣች። እንጀራው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ ነበር። እናቲቱ አላጉረመረመችም፤ የአካባቢው ሰው ይህን መልመዱ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን የምትጠመቅበት ሥርዓት በአንድ ታዳጊ አለመገኘት ምክንያት ለሌላ ሳምንት ሲተላለፍ ሰው “ምን ይደረግ” ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ያ አጥቢያ መዳከም ከጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው።

የዚህ እጥረት ሥር ረጅም ነው። በአባቶቻችን ዘመን አገልጋይ የሚኖረው ለአገልግሎቱ በተመደበ መሬት ነበር። ቀዳሹም፣ ማኅሌታዊውም፣ መምህሩም ተራው ሲደርስ ሰሞን (የሳምንት ተራ አገልግሎት) እየገባ፣ ሰሞኑን ሲጨርስ መሬቱን እያረሰ ወይም እያሳረሰ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥሪት አስቀረው። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ያመጣውን ዕፎይታ ዐውቃለሁ፤ የምናገረው አገልጋዩ በምን ይተዳደር የሚለው ጥያቄ በዚያች ቀን ወደ ምእመናኑ ትከሻ እንደ ተሻገረ ነው። ደግነቱ ጥያቄውን የሚቀበል አካል ከአዋጁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ ካህናትና ምእመናን አንድ ላይ ተቀምጠው አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበት ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበርና። ይህ የተደረገው በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው ባደጉት በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። እርሳቸው በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለው ሰማዕትነትን ሲቀበሉ፣ የመሠረቱት ሥርዓት ግን መሬቷን ያጣችውን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ አቁሟት ነበር። በሰበካ ጉባኤ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቅ ያለበት ይመስለኛል። ጉባኤው ከሕንፃ ኮሚቴነት በፊት የአገልጋዩን እንጀራ የሚሸፍን ጉባኤ ሆኖ ነው በተግባር የተፈተነው።

ዛሬ ዲያቆኑን ከመቅደስ የሚያርቀው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን እኩል አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ራሱ ጠላት አይደለም፤ በፈረቃ የሚማር ልጅ ሌሊት ኪዳን አድርሶ ከሰዓት ክፍል መግባት ይችላል፤ የሚያደርጉትም አሉ። ዋናው ፈተና የሚመጣው ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ወላጆቹ ቤት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትዳር መመሥረት፣ ቤት መሥራት፣ እርሻ መያዝ ይፈልጋል። ካህን ለመሆን የሚሻ ዲያቆን አስቀድሞ በሥርዓት ማግባት አለበት፤ ያለዚያ መመንኮስ ነው። በገጠር ደግሞ የሚከፋፈል መሬት አልቋል። አጥቢያው በወር የሚሰጠው ለሳሙና አይበቃም። እንግዲህ ልጁ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ወርዶ ቢቀር በምን እንወቅሰዋለን? እኔ ከሄደው ልጅ ይልቅ የሚሄድበትን ቀን እያወቁ ዝም ያሉትን ሽማግሌዎች ብጠይቅ እመርጣለሁ፤ ከእነርሱ ጋርም በጉዳዩ ብዙ ተነጋግሬአለሁ።

ደብራችን በከተማ ስለሚገኝ ዲያቆናት አይጎድሉበትም። በዐበይት በዓላት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በመቅደሱ ዙሪያ የሚቆሙት ከሚፈለገው በላይ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ማዋስ ነበር። በአስተዳዳሪያችን ፈቃድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራ የደረሳቸው ዲያቆናት በባጃጅ እስከሚኬድበት ይሄዳሉ፤ ቀሪውን በእግር ጨርሰው ሰሞነኛው ቄስ ቤት ያርፋሉ፤ ሌሊቱን የሰዓታት ጸሎት ቆመው፣ ጠዋት ቀድሰው ይመለሳሉ። ትራንስፖርቱን የሚችለው ጉባኤው ነው። በየወሩ በሚውሉት በዓላትም፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ቀኑ የትምህርት ቀን ካልሆነ እንዲሁ ይደረጋል። የገጠሩ ሰው እነዚህን ልጆች ሲቀበል ማየት ልብ ይነካል፤ እግራቸውን የሚያጥቡላቸው እናቶች አሉ። ልጆቹም በከተማው ደብር ተርታ ውስጥ ሳይታዩ የቆዩ ቢሆኑም እዚያ ሲደርሱ ያለ እነርሱ ቅዳሴ እንደማይገባ ስለሚያውቁ አቋማቸው ይለወጣል። በእኔ ግምት አንድ ወጣት አገልጋይን ከሚያሳድጉት ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ሆኖም ማዋስ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ስለሆነ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መንገዱ በተዘጋበት ቅዳሜ ከከተማ ማንንም መላክ አይቻልም፤ የወላጆችን አደራ ይዞ ልጅን ወደ ሥጋት መስደድ ተገቢም አይደለም። በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሴ የተቀደሰባቸው የገጠር አጥቢያዎች የራሳቸው አምስት ልዑካን ያሏቸው ብቻ ናቸው። ይህ በዓይናችን ያየነው ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ውሳኔያችንን ለወጥነው፤ ዲያቆን የተዋሰ አጥቢያ ሁሉ በምትኩ ከራሱ መንደር ልጆችን መርጦ ለትምህርት እንዲሰጠን ጠየቅን። የማዋሱ ዓላማ የሚዋስ አጥቢያ እንዳይኖር ማድረግ ነው። አንድ አጥቢያ “ከእንግዲህ አትላኩልን፤ ሞልቶልናል” ያለን ዕለት ለእኛ ትልቅ በዓል ይሆናል።

ይህም ካህናትና ዲያቆናት ወደሚማሩበት ወደ ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ ይመልሰናል፤ የምናገረው ሁሉ የሚያርፈውም እዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ምስክር አለው። ለረጅም ዘመናት ጳጳሳት የሚመጡልን ከግብፅ ነበር፤ ለሰፊው ሀገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጳጳስ ብቻ ይኖር ነበር። ጎጃም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከግብፅ የመጡትን አቡነ ሉቃስን አገኘ፤ በ1921 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ አብርሃም ተመደቡለት። ከዚያ በፊት ክህነት የሚሻ ሰው ጳጳሱ ወዳለበት ሩቅ መንገድ ይሄድ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን የአጥቢያዎችን አገልግሎት ያቆየው በየገዳሙና በየደብሩ ጥላ ሥር የተቀመጠው የአብነት መምህር፣ የኔታ ነው። ከዜማው ትምህርት ድጓ ቤተልሔም በተባለው ደብር፣ አቋቋም በጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ እንደሚመሰከረው ሁሉ የቅኔው ምስክር (ትምህርቱ የሚረጋገጥበት ቦታ) ጎጃም ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የሚጠራው በዚህ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ ሊቃውንት የወጡባቸው ናቸው። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩትም በዚሁ በጎጃም ምድር ነው፤ የአብነት ትምህርት የሴት ልጅ ድርሻ የለውም ለሚሉ ሁሉ የእርሳቸውን ስም እጠራለሁ።

በከተማችን አቅራቢያ አንድ የቅኔ ጉባኤ አለ። ተማሪዎቹ ከተለያየ አውራጃ የመጡ ናቸው፤ ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ የያዙ ልጆች ናቸው። ቀን በየዛፉ ሥር ወይም በየመቃብሩ አጠገብ ለብቻቸው ተሸፋፍነው ቅኔ ይቆጥራሉ (ይደርሳሉ)፤ ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርበው ይነግራሉ። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየጎለመሰ ሄዶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። አንድ ምሽት ሄጄ ስሰማ አንድ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ የቆጠረውን ነገረ፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው አንዲት ቃል ብቻ መለሱለት። ልጁ ዝም አለ፤ ቃሏን በልቡ ሲያመላልስ ቆይቶ ቅኔውን ከመጀመሪያው እንደገና ነገረ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ተማሪ ዞሩ። ከዚህ የሚበልጥ የአገልጋይ ሥልጠና እኔ አላየሁም፤ ይህ ልጅ ነገ ካህን ቢሆን ቅዳሴውን በቃል ከመሸምደድ አልፎ ምሥጢሩን አፍታትቶ ለገበሬው ማስረዳት ይችላል።

ጉባኤያችን ድጋፍ ለመስጠት በወሰነ ጊዜ ምን እንደሚሻል ለመጠየቅ ወደ የኔታ ሄድኩ። “የኔታ፣ ለእርስዎ ደመወዝ ብንቆርጥ ምን ይላሉ?” አልኳቸው። “ለእኔ እመቤቴ የዕለቱን አላጓደለችብኝም፤ ተማሪዎቼን ዕዩልኝ” አሉ። “ልጄ፣ ተማሪ የሚበተነው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። ክረምት ጎጆው ያፈስበታል፤ ሌሊት በርዶት ያድርና ይታመማል፤ የሚያሳክመው የለም። ትኩሳቱ ሲበረታበት ወደ ሀገሩ ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም።” ነገሩን ስናጣራ እውነት ሆኖ አገኘነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በቤተሰብ የሚመዘገብ ስለሆነ ከሌላ ወረዳ ብቻውን የመጣ ተማሪ በስሙ የሚገለገልበት መታወቂያ የለውም። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ልጁ ያለው ግን አኮፋዳው ብቻ ነው። ስለዚህ የጉባኤው የመጀመሪያ ወጪ ለጎጆዎቹ ሣርና ለሕክምና ሆነ። ደመወዙንም ቢሆን አልተውነውም፤ የኔታ አልፈልግም ቢሉም ገንዘቡ በስማቸው እንዲቀመጥ አደረግን፤ ነገ እርሳቸውን የሚተካ መምህር መተዳደሪያ ያስፈልገዋልና።

ምግቡን በተመለከተ መፍትሔው የተገኘው ከሰንበቴ ማኅበራቱ ነው። “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ በየደጁ መለመን ለተማሪው የትሕትና ትምህርት ስለሆነ መምህራኑ እንዲቀር አይፈልጉም፤ ኑሮው ከተወደደ ወዲህ ግን ከተማው ውስጥ ቁራሽ የሚገኝበት ደጅ አንሷል፤ ቤቱም በግንብ ታጥሯል። በደብራችን ያሉት ሰንበቴዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም የራሳቸው ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) አላቸው። ለሙሴዎቹ ሐሳቡን ስናቀርብ እያንዳንዱ ሰንበቴ አንድ ጎጆ ተማሪዎችን ተረከበ፤ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በመከር ጊዜ ጤፍና ባቄላ እንዲሰጥ ተስማማን። ይህን የመሰለ ነገር ከላይ በደብዳቤ ታዝዞ ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር። ሰንበቴው ራሱ አምኖበት ስለ ጀመረው ግን አባላቱ የተማሪዎቹን ስም ያውቃሉ፤ የታመመውን ይጠይቃሉ፤ ቅኔው የበሰለለት ማነው እያሉ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አገልግሎትን መምራት የምለው በሕዝቡ መካከል አስቀድሞ ያለውን ፍቅርና ማኅበር ወደሚያስፈልገው ቦታ ማድረስን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ማንሣት አለብኝ። በጉባኤያችን ውስጥ የተከበሩ ወንድሞች ታዋቂ ሰባኪ ከአዲስ አበባ ጠርቶ ትልቅ ጉባኤ ማዘጋጀት ሕዝቡን ያነቃቃል፤ ገንዘብም ያስገኛል ይላሉ። እውነት ነው፤ በሦስት ቀን ጉባኤ ተጽናንተው ወደ ንስሐ የተመለሱ ሰዎችን ዐውቃለሁ፤ ስብከተ ወንጌል የቤተ ክርስቲያን ሕይወት ነው። ነገር ግን በአራተኛው ቀን ለንስሐ የተነሣሣው ሰው የንስሐ አባት ይፈልጋል፤ የንስሐ አባቱም ቤቱ ድረስ ሄዶ ጸበል የሚረጭለት፣ ከባለቤቱ ጋር ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ልጆቹን በስም የሚጠራ ካህን መሆን አለበት። አንዱ ካህን ቁጥራቸውን የማያውቃቸው የንስሐ ልጆች ባሉት አጥቢያ ጉባኤው ያነቃቃው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻውን ይቀራል። በቅዳሴያችን ላይ የሚቆርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን መሆናቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጣቱና ጎልማሳው የሚመራው አባት አላገኘም። ስለዚህ ለጉባኤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለአብነት ተማሪዎች እንዲመደብ ስንጠይቅ ስብከትን መቃወማችን ሳይሆን ስብከቱ ያፈራውን ሰው የሚቀበለው ካህን እንዲኖር መፈለጋችን ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው፣ ሐዋርያት ማዕድ ማገልገል ባስቸገራቸው ጊዜ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ወንድሞች አስመረጡ፤ የእግዚአብሔርም ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥር እጅግ እየበዛ ሄደ። የቁጥሩ መብዛት የተጻፈው ከምርጫው ቀጥሎ መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ?

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች በዚህ ሥራ ያላቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጡ የግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ጉባኤ) ልጆች ለአብነት ተማሪዎቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ በምትኩ ከእነርሱ ግእዝ ይማራሉ። ሁለቱ ትምህርቶች ተፈራርተው ይኖራሉ የሚለውን የቆየ ሥጋት ይህ ግንኙነት እያቀለለው ነው፤ አንድ ልጅ ቅኔውን ሳይተው የማታ ትምህርት ተመዝግቧል።

አሁን በእጃችን ያለው ከባዱ ጉዳይ የማግባት ዕድሜያቸው የደረሰው ዲያቆናት ናቸው። ከገጠር አጥቢያዎቹ ተመርጠው የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዲቁና ተቀብለው በየመንደራቸው እያገለገሉ ነው፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በሚመጣው ጥር ለመዳር ተዘጋጅተዋል። ለእነርሱ የሚሆን የእርሻ መሬት የለም። አንድ ሐሳብ ንብ ማነብ ነው፤ ሌላው በአጥቢያው ይዞታ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ በጥንቃቄ እየሸጡ ከገቢው ለልዑካኑ ቋሚ ድርጎ (መተዳደሪያ) መቁረጥ ነው። ዛፉን የተከሉት አባቶች ለሕንፃ ማደሻ ብለው ስለነበር አንዳንድ ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ ቅሬታቸውንም በአክብሮት ሰምተናል። እኔ የምደግፈው ሁለተኛውን ሐሳብ ነው፤ ንቡ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥር ደግሞ ቅርብ ነው። የአጥቢያዎቹ ተወካዮችና የወረዳው ቤተ ክህነት በተገኙበት በጥቅምት የሚደረገው ስብሰባ ይህን ይወስናል፤ ከዚያ በፊት ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር በየቤታቸው ሄደን ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘናል፤ የመጀመሪያውም እነዚያ “ዛሬ አልተሟላንም” ያሉት አባት ናቸው፤ የባሕር ዛፉን ጉዳይ አጥብቀው የሚቃወሙት እርሳቸው ስለሆኑ ሐሳባቸውን በሙሉ መስማት እፈልጋለሁ።